የአይጥ ምስክር ማን ነው?

ስለ ፈንጂ ማምከን እዚህ አንድ ሁለቴ ከጻፍኩ ወዲህ ወዳጆቼ ቪዲዮ መላክ ለምደዋል። ቴሌግራሜን ስከፍት አንዱ ድሮን ልኮልኛል። ሌላው ሮቦት። ሌላዋ ደግሞ የፈንጂ ትነት ሲደርሳቸው ስለሚያበሩ ባክቴሪያዎች የተሠራ ዘገባ። ሁሉም ከሥሩ ተመሳሳይ ነገር ይጽፋሉ፦ «ይሄ እኛ አገር ቢመጣ!»

ምኞታቸው ይገባኛል። እኛ አገር ፈንጂ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጣሊያን ትቶት የሄደው ተተኳሽ አለ። ከኦጋዴኑ ጦርነት የቀረ አለ። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ድንበሩ ላይ የተቀበረ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።) ከቅርቡ የሰሜን ጦርነት በኋላ ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዳ ተተኳሽ መጫወቻ መስሏቸው የሚያነሱ ልጆች ነገር አለ። ቆራሌው ይገዛኛል ብሎ ብረት የሚለቅም ልጅ ምን እንደሚያነሳ በምን ያውቃል?

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ባየን ቁጥር ብንጓጓ አይገርምም። እኔ ግን ከቪዲዮው በኋላ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ የአጎቴ ነው።

አጎቴ የድሮ መሐንዲስ ጦር ነው። ፈንጂ መቅበርም ማውጣትም ያውቃል። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም ስለ ምግቡና ስለ ብርዱ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ ደፍሬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ፈንጂ ሲያገኙ አይፈሩም ነበር?»

«ያገኘሁትን ምን እፈራዋለሁ?» አለኝ። «የት እንዳለ አወቅሁት አይደል? እኔን የሚያስፈራኝ መሣሪያው ዝም ያለበት መሬት ነው። ነገ ሰው ገብቶ የሚያርሰው እሱን ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የፈጠራ ቪዲዮዎችን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚያሳዩት መሣሪያው ሲያገኝ ነው። ድሮኑ ያንዣብባል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ክብ ይታያል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ስለ ቀረው መሬት፣ ማለትም መሣሪያው «እዚህ ምንም የለም» ስላለበት መሬት ማንም አያነሳም። ገበሬው የሚረከበው ደግሞ ያንኑ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አዲስ ነገር ለምን እንደሚፈለግ እንይ። የፈንጂ አምካኝ ዋና መሣሪያ እስከ ዛሬ የብረት መፈለጊያው ዲቴክተር ነው። መሣሪያው ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ጉብዝናው ራሱ ነው። ብረት ካገኘ ይጮኻል። ቆርኪ ቢሆን ይጮኻል። የጥይት ቀለሀ ቢሆን ይጮኻል። የጣሳ ቁራጭ፣ የሽቦ ስባሪ፣ ምስማር፣ ለሁሉም እኩል ይጮኻል። አምካኙ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጩኸት ተንበርክኮ፣ ቀጭን ዘንግና መቆፈሪያ ይዞ፣ ልክ ፈንጂ እንዳለ ሁሉ ቀስ ብሎ መቆፈር አለበት። «ይሄኛው ቆርኪ ነው መሰለኝ» ማለት አይቻልም።

ካምቦዲያ ውስጥ ከ1992 እስከ 1998 በተደረገው የማጽዳት ሥራ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው ነገር ወደ 200 ሚሊዮን ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ ፈንጂ ወይም ሌላ ሊፈነዳ የሚችል ነገር የነበረው 500,000 ገደማ ብቻ ነው። ከ0.3 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። የቀረው ቁርጥራጭ ብረት ነው። እነዚያ ሰዎች 199 ሚሊዮን ጊዜ ከምናምን ለቆርኪና ለቀለሀ ተንበርክከዋል።

በዚያ ላይ አንዳንዱ ፈንጂ አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከአንዲት ትንሽ ምስማር አይበልጥም። እሱን እንዲሰማ መሣሪያውን ስታነቁት ቁርጥራጩን ሁሉ ይሰማል። ስታቀዘቅዙት ፈንጂው ያመልጣል። አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይ ዲቴክተሩ መሬቱን ራሱን ብረት ነው ብሎ ይጮኻል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጥልቅ ድረስ የሚያይ መሣሪያ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲደርስ ግማሹን ጉልበቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ።

መሣሪያውን የያዘው ሰውም አለ። በ2003 ባም የሚባለው የጀርመን የቁሳቁስ ምርመራ ተቋም ጀርመን ውስጥና ክሮኤሺያ ቤንኮቫች ላይ በተዘጋጀ የሙከራ መሬት ዲቴክተሮችን በዕውር ሙከራ ፈትኖ ነበር። ፈላጊዎቹ ፈንጂው የት እንደተቀበረ አያውቁም። ከዚያ የወጣው ትምህርት አንድ ዓይነት መሣሪያ በተለያየ ሰው እጅ የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ሳቀ። ለዚህ ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር አለ።

አሁን ወደ አይጧ ልግባ።

አይጥ እንደማንወድ አውቃለሁ። እኔም አልወድም። ጤፍ የሚበላና ልብስ የሚቀድ ፍጥረት ነው። ቤልጅየማዊው ባርት ዊትየንስ ግን በልጅነቱ አይጥ እያሳደገ ያደገ ሰው ነው። የምርት ዲዛይን ተምሮ ስለ ፈንጂ ሲያስብ ለድሃ አገር የሚሆን፣ ርካሽና እዚያው የሚገኝ አነፍናፊ ፈለገ። በ1997 አፖፖ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በ2000 ወደ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ከተማ ሶኮይኔ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመረጡት የእኛን የጓዳ አይጥ አይደለም። ግዙፉን የአፍሪካ አይጥ ነው፤ ጉንጩ ውስጥ ምግብ አጭቆ የሚሸከመውን። አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዓይኑ ደካማ ነው፣ አፍንጫው ግን ጉድ ነው። ፈንጂውን ቢረግጠው እንኳ ለማፈንዳት ክብደቱ አይበቃም። ብረት አያሳስበውም፤ የሚፈልገው የፈንጂውን ሽታ ነው። በቆርኪ አጠገብ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሥልጠናው ዘጠኝ ወር አካባቢ ይፈጃል። ትክክል ሲያሸት «ጠቅ» የምትል ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው ሙዝ ወይም ኦቾሎኒ ይሰጠዋል። መስክ ላይ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ገመድ ይዘረጋሉ። አይጡ ቀበቶው ከገመዱ ጋር ተያይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ያሸታል። ሲያገኝ መሬቱን ይጭራል። ፀሐይ ስለማይወድ የሚሠራው በማለዳ ነው። ጆሮውና ጅራቱ እንዳይቃጠል የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀቡታል። (አጎቴ በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ቅባት አልደረሰውም።)

ዝናው እንግዲህ የታወቀ ነው። ማጋዋ የሚባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ እየሠራ ሳለ በ2020 ከእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በሥራ ዘመኑ በጠቅላላ 71 ፈንጂ አግኝቷል። ቀጥሎ ሮኒን የሚባለው መጣ፤ 109 ፈንጂ አግኝቶ በ2025 ክብረ ወሰኑን ወሰደ። አፖፖ አንድ አይጥ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል መሬት በ30 ደቂቃ ይጨርሳል ይላል። ዲቴክተር የያዘ ሰው እዚያው ላይ እስከ አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ደስ የሚል ነው። ግን የአጎቴ ጥያቄ አለ። አይጡ ዝም ያለበት መሬትስ?

እኛ «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» እንላለን። ሌባው ያመጣው ምስክር ራሱ እህል ለቃሚ ነው። የአንድ ፈጠራ ባለቤት ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ «አልፏል» ሲል ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። አፖፖን ያከበርኩት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ምስክር ፈልጓል።

በሞዛምቢክ ጋዛ ክፍለ ሀገር የሆነውን ላውራ። ውጤቱ በ2011 በአንድ የባህርይ ሳይንስ መጽሔት ታትሟል። 34 አይጦች 93,400 ካሬ ሜትር መሬት ፈተሹ። 41 ፈንጂና 54 ሌሎች ፈንጂ ነክ ነገሮች አገኙ። ከዚያ ዲቴክተር የያዙ ሰዎች ያንኑ መሬት ፈተሹት። ተጨማሪ ፈንጂ አላገኙም። አይጦቹ በስህተት የጫሩት በ100 ካሬ ሜትር በአማካይ 0.33 ጊዜ ነው፤ ይህም ለእንስሳት ፈቃድ ለመስጠት ዓለም አቀፉ መስፈርት ከሚፈቅደው በታች ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ደግሞ ንጉሤ በየነ የሚል ስም አለ። ስሙን ሳይ ከወንበሬ ተነስቼ ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ ስለ አይጥ ለመስማት ፍላጎት አልነበራትም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፤ ታገሡኝ። በ1990ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት መስፈርት ከአንድ መሬት ቢያንስ 99.6 በመቶው ፈንጂ ተጠርጎ እንዲወጣ ይጠይቅ ነበር። ከ1,000 ፈንጂ ቢበዛ አራት ቢቀር ነው። ኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ ይህን ቁጥር ትቶ በተወሰነው ቦታና ጥልቀት ውስጥ ያለው ሁሉ ይውጣ አለ። እሺ፣ በ99.6ቱ እንሂድ። አንድ አነፍናፊ ይህን ያሟላል ብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር ወደ 750 ፈንጂ ቀብሮ፣ አንዱም ሳያመልጠው ሁሉንም ማግኘት አለበት። አንድ ብቻ ካመለጠው ሙከራው ወደ 1,200 ፈንጂ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ለአንድ ዓይነት አፈር፣ ለአንድ ዓይነት ፈንጂ፣ ለአንድ ዓይነት ወቅት ነው።

የጋዛው ውጤትስ? ከ41 አርባ አንዱ። ፍጹም ይመስላል። በሒሳቡ ግን በዚያው 95 በመቶ እርግጠኝነት ሊባል የሚችለው «ቢያንስ 93 በመቶ ያህል ያገኛል» ነው። ምስክሩም ዲቴክተር ነው፤ ዲቴክተር ራሱ የሚያመልጠው ነገር እንዳለ ከላይ አይተናል።

ይህን የጻፍኩት ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም በግልጽ ቆጥረው ስላስቀመጡት ነው እኔም ቁጭ ብዬ ማስላት የቻልኩት። ነገሩ የመስኩ ጠባይ ነው። አንድ መሬት ውስጥ 750 ፈንጂ ተሰልፎ አይጠብቅም። አንድ ትልቅ ሜዳ ተፈትሾ ሦስት ፈንጂ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እርግጠኝነቱ ከአንድ ሙከራ አይመጣም። አንዱን መሬት ሁለት አይጥ ይሄድበታል። አይጦቹ በየጊዜው መልሱ በሚታወቅ መሬት ላይ ይፈተናሉ። ከሌላ ወገን የመጣ ተቆጣጣሪ ቁራሽ መሬት መርጦ ደግሞ ይፈትሻል። አሰልቺ ነው። ቪዲዮ አይወጣውም።

የሙከራ መሬት ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ስታዩ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይገባችኋል። ፈንጂ ዛሬ ቀብራችሁ ነገ ብትፈትኑ አይጡ ወይም ውሻው የሚያገኘው ፈንጂውን ላይሆን ይችላል። አዲስ የተቆፈረ አፈር ሽታው ሌላ ነው። የቀባሪው ሰው ላብም አለበት። ስለዚህ ፈንጂው ለወራት መሬት ውስጥ ይቆያል፣ ሽታው ወደ አፈሩ እስኪሰርግ፣ ሣሩ ተመልሶ እስኪበቅል። ባዶ ጉድጓዶችም ተቆፍረው ይሞላሉ፣ ማታለያ እንዲሆኑ። ገመዱን የያዙት ሰዎች ፈንጂው የት እንዳለ ማወቅ የለባቸውም። ካወቁ ሳያስቡት ፈንጂው ጋ ሲደርሱ ገመዱን ትንሽ ያዘገያሉ፣ እስትንፋሳቸውን ይይዛሉ። አይጥ ይህን ለማንበብ ዘጠኝ ወር አይፈጅበትም።

ሌላ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ሙከራ መሬት ላይ አይጡ ትክክል ሲጭር ሙዝ ይሰጠዋል። እውነተኛው ፈንጂ መሬት ላይ ግን አይሰጠውም። ለምን? ትክክል ይሁን አይሁን በዚያች ደቂቃ ማንም አያውቅማ! በስህተት ለጫረው ሙዝ ከሰጣችሁት ውሸት አስተማራችሁት ማለት ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ሥራ በነፃ ይሠራና ደመወዙን በልምምድ ሜዳ ይቀበላል። ልምምዱ ከተቋረጠ ሥራው ይበላሻል። ዲቴክተር ባትሪ ከተቀየረለት ይበቃዋል፤ አይጥ የምትገዛ አገር ግን የምትገዛው የዕለት ተዕለት ሥልጠና ነው።

ለአጎቴ ስለ አይጡ ስነግረው እንደሚስቅ ነበር የገመትኩት። አልሳቀም። ጥቂት አሰበና «ሣሩን ማን ያጭዳል?» አለኝ።

ልክ ነው። አይጡ የሚሠራው ሣርና ቁጥቋጦ በተጨደ መሬት ላይ ነው። ቁጥቋጦውን የሚቆርጥ ማሽን ወይም ሰው ቀድሞ መግባት አለበት። ገመዱን የሚይዙት ሰዎች የሚቆሙበት መንገድ ደግሞ ቀድሞ በዲቴክተር መጽዳት አለበት። አይጡ የጫረውን ቦታ የሚቆፍረው ሰው ነው። «30 ደቂቃ» ሲባል ይህ ሁሉ አልተቆጠረም። አይጡ ፈጣን አይደለም እያልኩ አይደለም፤ የሰንሰለቱ አንድ ዘለላ ፈጥኗል ነው የምለው። ሰንሰለቱን ሁሉ የሚመዝን የመስክ ሙከራ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው መጀመሪያው ቁጥቋጦ ሲቆረጥ ነው፤ የሚያቆመውም መሬቱ ለባለቤቱ ሲመለስ።

አይጦቹ በ2015 ወደ ካምቦዲያ ሲገቡ አፍሪካ ውስጥ ያለፉት ፈተና አልበቃም። የአገሪቱ የፈንጂ ማዕከል በራሱ አፈር ላይ እንደገና ይፈተኑ አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ቢሮክራሲ ይለዋል። እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። እርጥበቱ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ፣ ፈንጂው ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ አይጦች አዲስ አበባም አሉ። ፈንጂ ፍለጋ አይደለም፤ ለሳንባ ነቀርሳ ነው። አፖፖ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር በጤና ጣቢያ የተመረመረ አክታ ለአይጦቹ እንደገና ያቀርባል። ጤና ጣቢያው «የለም» ያለውን አይጡ «አለ» ካለ ናሙናው በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ይህን ሥራ ከፈንጂው ጋር ሳስተያየው ነው የአጎቴ ነገር ይበልጥ የገባኝ። እዚህ አይጡ ቢሳሳትና ዝም ቢል በሽተኛው ከነበረበት አይብስበትም፤ ጤና ጣቢያውም ቀድሞ አጥቶታል። ያገኘው እያንዳንዱ ሰው ግን ትርፍ ነው። ፈንጂ መሬት ላይ ግን የአይጡ ዝምታ በሰው እግር ይከፈላል። አፍንጫው ያው ነው። የሚያስፈልገው ፈተና ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ወደ ሌሎቹ ቪዲዮዎች ልመለስ። በብዛት የሚላክልኝ እንደ ትልቅ ኳስ በነፋስ የሚንከባለለው ነው፤ የቀርከሃ እግሮች ያሉት። የሠራው ማሱድ ሐሳኒ የሚባል አፍጋኒስታን ተወልዶ ሆላንድ የተማረ ወጣት ነው። ሐሳቡ ከልጅነት መጫወቻው የመጣ ነው። ውበቱ የሙዚየም ነው፤ በእርግጥም ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ግን ነፋስ ረድፍ ጠብቆ አይነፍስም። ኳሱ ያለፈበትና ያላለፈበት መሬት ጎን ለጎን ነው። አንድ ፈንጂ ቢያፈነዳ ቀጥሎ ያለው ሜትር ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ወጣቱ የፈንጂን ነገር ለዓለም በማስታወሱ አመሰግነዋለሁ። ገበሬ ግን እዚያ ላይ አላሰማራም።

ባክቴሪያዎቹን በተመለከተ፣ በ2017 ከኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሥራ ብልሃት አለበት። ባክቴሪያዎቹ በጥቃቅን ኳሶች ውስጥ ሆነው ይበተናሉ፣ የፈንጂውን ትነት ሲያገኙ ያበራሉ፣ ብርሃናቸው ከሩቅ በሌዘር ይነበባል። በሙከራ አሸዋ ላይ ሠርቷል። ከሙከራ አሸዋ እስከ ድንጋያማ ተራራ ረጅም መንገድ ነው፤ ይድረስ እንጂ እሰየው ነው።

ይበልጥ የሳበኝ የቻዱ ነው። በሰሜን ቻድ በረሃ፣ ፋያ ላርዦ አካባቢ፣ ቀድሞ ሐንዲካፕ ኢንተርናሽናል ይባል የነበረው ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ሙቀት የሚያይ ካሜራ የተገጠመላቸው ድሮኖች ሞክሯል። መርሁ ቀላል ነው። የተቀበረ ፈንጂና በዙሪያው ያለው አሸዋ እኩል አይሞቁም፣ እኩልም አይቀዘቅዙም። ትክክለኛው ሰዓት ላይ ከተነሳ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የገረመኝ የታዩት ፈንጂዎች ለሙከራ የተቀበሩ አለመሆናቸው ነው። ለብዙ ዓመታት በረሃው ውስጥ የኖሩ እውነተኛ ፈንጂዎች ናቸው። አዲስ የተቆፈረ አፈር እዚህ ሙከራውን አያታልልም።

የወደድኩት ሌላው ነገር ሙከራው ድሮኑን ያለ ቦታው አለማስቀመጡ ነው። ድሮኑ መሬቱን አያጸዳም፣ «ንጹሕ ነው» ብሎም አይፈርምም። ወታደር ፈንጂ ሲቀብር ብዙ ጊዜ በረድፍ ነው። ድሮኑ ሁለት ሦስት ነጠብጣብ ካሳየ ረድፉ ወዴት እንደሚሄድ ይገመታል። አምካኞቹ በሚያቃጥል ፀሐይ ባዶ አሸዋ ሲፈትሹ ከመክረም ቀጥታ ረድፉ ጋ ይደርሳሉ። መሣሪያው «አለ» በማለት ብቻ ይጠቅማል፤ «የለም» የሚለው ሥራ ለሰውና ለዲቴክተር ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት በ2001 ተቋቋመ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በኖርዌይ ሕዝባዊ እርዳታ ድርጅት አማካይነት አገር አቀፍ ጥናት ተደረገ። ሰዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ ጠየቁ። ውጤቱ 1,916 የሚጠረጠሩ ቦታዎች፣ 1,492 የተጎዱ ማኅበረሰቦች ነበር። በስፋት ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። በኋላ የወታደር ዕውቀት ያላቸው ቡድኖች ተመልሰው ሲፈትሹ ከተጠረጠረው ውስጥ ብዙው ፈንጂ የለበትም ሆኖ ተገኘ። ገበሬውን አልፈርድበትም። አንድ በሬ የሞተበትን ሜዳ ሁሉ ቢጠረጥር ልክ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ለእኛ ትልቁ ወጪ ፈንጂውን ማውጣት ብቻ አለመሆኑን ነው። ፈንጂ የሌለበትን መሬት የለበትም ብሎ በድፍረት ማለትም እኩል ይከብዳል። ከዚህ አንጻር ቻድ የተሞከረው ነገር ለአፋር ሜዳ ይጠቅም ይሆን? አሸዋማ የሆነው ቦታ ላይ ምናልባት። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተበተነበት ላይ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፤ ፎቶው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሊሆን ይችላል። አይጦቹስ? ለዛላምበሳ ማለዳ ብርድ ሞሮጎሮ ያደገ አይጥ ምን እንደሚል እንጃ። ቁልቋልና ድንጋይ የሞላበት ዳገት ላይ ገመድ መዘርጋትስ ይቻላል? ይህ ሁሉ ከቢሮ የሚመለስ አይደለም።

ካምቦዲያ ውስጥ አይጦች ያጸዱትን መሬት ከማስረከባቸው በፊት የሥራው ቡድን ራሱ እዚያው ላይ ኳስ ይጫወታል። ለአጎቴ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «እሱ ጥሩ ነው። ኃላፊውም ይጫወት እንጂ» አለ።

አንድ ነገር ከተመኘሁ የምመኘው መሣሪያ አይደለም። የሙከራ መሬት ነው። አንዱ ቆላ፣ አንዱ ደጋ። ታጥሮ፣ የመከኑ እውነተኛ ፈንጂዎች ተቀብረውበት፣ ቁርጥራጭ ብረትና ባዶ ጉድጓድ ተጨምሮበት፣ ሁለት ክረምት የዘነበበት። ከዚያ ድሮኑም አይጡም ዲቴክተሩም ይምጣ። ለዚህ ብዙ ዶላር አያስፈልግም። አጥር፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ ትዕግሥት፣ ደግሞም ፈንጂዎቹ የት እንዳሉ የሚያሳየውን ካርታ ቆልፎ ይዞ ለማንም የማይናገር ሰው ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ሥራ አጎቴን እጠቁማለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከእሱ ያወጣሁት እዚህ የጻፍኩትን ብቻ ነው።